ድምፅን በኤምዲኤፍ መጠምዘዝ፦ ከአንድ ሰሌዳ ሦስት ዓይነት ጥምዝ ሞገድ

ስለ ሜታሰርፌስ፣ ማለትም ሞገድን እንዲቀይር ተደርጎ ስለተሠራ ቀጭን ገጽ፣ ያነበበ ተማሪ ብዙ ጊዜ አንድ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል። ስሪዲ ፕሪንተር ያስፈልጋል፣ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፣ ብር ያስፈልጋል። ለአንዳንዱ ሥራ እውነት ነው። ድምፅን ለመጠምዘዝ ግን ግማሽ ሉህ ኤምዲኤፍ፣ ቪናቪል፣ አንድ ስፒከርና አንድ ማይክ ይበቃል። እኔ እንደውም ለጀማሪ ከቀጭኑና ከውዱ ሜታሰርፌስ ይልቅ ይሄ ወፍራም እንጨት ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቱም አንድ ጊዜ ቆርጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሰሌዳውን ሳትነኩት፣ የስፒከሩን ፍሪኩዌንሲ ብቻ በመቀየር ጥምዘቱን ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ማሳደግ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ምን እየሠራን እንደሆነ

ከስፒከር የወጣ ተራ ድምፅ ራቅ ብላችሁ ስትለኩት ግንባሩ ከሞላ ጎደል ዝርግ ነው። ማይኩን ትንሽ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ብትወስዱት ሞገዱ የሚደርሰው በአንድ ጊዜ ገደማ ነው። ጥምዝ ድምፅ እንዲህ አይደለም። በሞገዱ መሃል የሚያልፍ መስመር አስቡና ማይኩን በዚያ መስመር ዙሪያ በክብ አዙሩት። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሞገዱ ትንሽ ትንሽ እየዘገየ ይመጣል፤ ሙሉ ዙር ጨርሳችሁ ወደ ጀመራችሁበት ስትመለሱ መዘግየቱ ልክ አንድ ሙሉ ዑደት ይሆንና ሞገዱ ከራሱ ጋር ይገጥማል። እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ማለት ነው።

በአንድ ዙር ስንት ሙሉ ዑደት ተጠመዘዘ የሚለውን የጥምዘት ቁጥር እንበለው። 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሄዳል። በተቃራኒ አቅጣጫ ከተጠመዘዘ ኔጌቲቭ ይሆናል።

መሃሉስ? መሃሉ ላይ ሁሉም ፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ የደረሰበት ቦታ) ይገናኛል። የአንዱ ወገን ከፍታ የሌላውን ወገን ዝቅታ ያገኘውና ይጠፋፋሉ። ስለዚህ ጥምዝ ድምፅ መሃሉ ፀጥ ያለ፣ ዙሪያው የሚጮህ ቀለበት ነው። ስፒከሩን የፈለጋችሁትን ያህል ብታስጮኹት ያ መሃል አይሞላም፤ ቅርጹ ራሱ ነው የሚያጠፋው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በብርሃን ላይ በ1992 በኔዘርላንድስ የላይደን ተመራማሪዎች አሳዩት። በድምፅ ደግሞ በ1999 በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ ሄፍነርና ማርስተን ለውኃ ውስጥ ሥራ የሚሆን ጥምዝ አመንጪ ሠሩ። ሜታሰርፌሱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2016 የቻይናው ናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ድምፅ የሚያስተጋቡ ትንንሽ ክፍሎችን ክብ ላይ ደርድሮ ተራውን ድምፅ ወደ ጥምዝ ቀየረ። የእኛ ሰሌዳ ሐሳቡ ያው ነው፣ ዘዴው ግን የገጠር ነው።

ሰሌዳው፦ ጣውላው ፍሪኩዌንሲውን ይወስናል

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ክብ ሰሌዳ በስምንት እኩል ቁራጭ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ 45 ዲግሪ። አንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ በአንድ የኤምዲኤፍ ውፍረት ከፍ ይላል፣ ቀጣዩ ደግሞ ከእሱ ከፍ ይላል፣ እንዲህ እያለ ስምንተኛው ላይ ይደርስና ከዚያ ወደ መጀመሪያው ቁልቁል ገደል ይሆናል። ድምፅ ሰሌዳው ላይ አርፎ ሲመለስ ከዝቅተኛው ቁራጭ የተመለሰው ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ይዘገያል። ከከፍተኛው የተመለሰው ይቀድማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድምፁ ልዩነቱን ሁለት ጊዜ ነው የሚጓዘው፣ ሲሄድ አንዴ፣ ሲመለስ አንዴ። ስለዚህ የ6 ሚሊ ሜትር ደረጃ 12 ሚሊ ሜትር የመንገድ ልዩነት ያመጣል። በስምንት ሲባዛ 96 ሚሊ ሜትር። የሞገዱ ርዝመት 96 ሚሊ ሜትር የሆነ ድምፅ ከላክንበት ዙሩ በትክክል ይገጥማል ማለት ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፤ ለ0.096 ስናካፍለው ወደ 3,570 ኸርዝ ይመጣል።

ገበያ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ካጣችሁ አትጨነቁ። የ4 ሚሊ ሜትር ኮምፖርሳቶ ከሆነ 5,360 ኸርዝ ገደማ፣ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 7,150 ገደማ ነው። ለፍሪኩዌንሲው ጣውላ ከመፈለግ ላገኛችሁት ጣውላ ፍሪኩዌንሲ ማስላት ይቀላል።

ለምን ስምንት ደረጃ? በስምንት ደረጃ ከተመለሰው ድምፅ በስሌት 95 በመቶው የምንፈልገው ጥምዘት ላይ ይውላል። በአራት ደረጃ 81 በመቶ ነው። በአሥራ ስድስት ብታደርጉት ትርፉ ትንሽ ነው፣ የመጋዙ ጣጣ ግን እጥፍ። ስምንት ላይ ቁሙ።

አቆራረጡ ደስ ይላል። ከመሠረቱ ሰሌዳ በላይ ሰባት ንብርብር ያስፈልጋል፤ የ315፣ የ270፣ የ225፣ የ180፣ የ135፣ የ90 እና የ45 ዲግሪ ቁራጮች። 315 እና 45 ሲደመሩ 360 ናቸው። 270 እና 90ም እንዲሁ። 225 እና 135ም። ስለዚህ ሦስት ክቦችን ሁለት ሁለት ቦታ ትቆርጣላችሁ፣ ከአራተኛው ክብ ደግሞ ግማሹን ትወስዳላችሁ፣ አለቀ። ምንም የሚጣል የለም ማለት ይቻላል። የክቡን ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ካደረጋችሁት 122 በ122 ሳንቲ ሜትር የሆነው ግማሽ ሉህ አራቱንም ክብ ያወጣል። ለመሠረቱ የትኛውም ያልተጣመመ ጣውላ ይሆናል፣ ብቻ ጀርባው ለስላሳና ዝርግ ይሁን፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ክቡን ለመሳል መሃል ላይ ሚስማር፣ 30 ሳንቲ ሜትር ሲባጎ፣ እርሳስ። ጂግሶ ከሌላችሁ የእንጨት ሥራ ቤት ውሰዱት፣ ሥዕሉን ካሳያችኋቸው በአጭር ጊዜ ይቆርጡታል። ስታጣብቁ ሁሉም ቁራጭ አንድ ጠርዝ ይጋራል፣ እሱም ገደሉ ነው። መጀመሪያ ትልቁን 315 አስቀምጡ፣ ከዚያ 270ን በዚያው ጠርዝ ላይ ገጥማችሁ፣ ከዚያ 225ን፣ እስከ ትንሿ 45 ድረስ። ቪናቪሉን ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ድንጋይም ይሁን የውኃ ጄሪካን ጭናችሁበት ያደር። በንብርብሮቹ መካከል የቀረ ክፍተት ካለ በስቱኮ ድፈኑት፤ ቀጭን ክፍተት ድምፅ ይውጣል፣ ፌዙንም ያበላሻል። ሲያልቅ ክብደቱ 6 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን ጠንካራ ማቆሚያ አዘጋጁለት። ስፖንጅ ወይም ለስላሳ ፎም እንጨቱን ሊተካ አይችልም፣ ድምፁን ይመጠዋል እንጂ አይመልሰውም።

ኮላው ሲደርቅ ከመሠረቱ እስከ ከፍተኛው ቁራጭ ያለውን ከፍታ በካሊፐር ለኩና ለ7 አካፍሉት። እውነተኛው የደረጃ ከፍታችሁ እሱ ነው። ጣውላው ላይ 6 ተብሎ ቢጻፍም ከነኮላው 6.2 ሊሆን ይችላል፤ ስሌታችሁን በለካችሁት ቁጥር አድርጉ።

አቀማመጥ

ስፒከሩን ፊት ለፊት ካቆማችሁት ማይኩ የት ይቆማል? ስፒከሩ ራሱ ይጋርደዋል። ስለዚህ ስፒከሩ ከሰሌዳው ቀጥታ 20 ዲግሪ ወደ ግራ፣ ማይኩ 20 ዲግሪ ወደ ቀኝ ይሁን። በዚህ ጊዜ የመንገዱ ልዩነት ትንሽ ያጥራል፣ በ0.94 ይባዛል። 96ቱ ሚሊ ሜትር ወደ 90 ይወርዳል፣ ፍሪኩዌንሲው ደግሞ ወደ 3,800 ኸርዝ ከፍ ይላል። ከአሁን በኋላ የምጠቅሰው ይሄንን ቁጥር ነው።

ገደሉን አግድም አድርጉት፣ ማለትም ስፒከሩና ማይኩ ካሉበት አግድም መስመር ጋር ትይዩ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ከጎን ለሚመጣው ድምፅ ጥላ ይሠራል።

ስፒከሩ ከሰሌዳው 2 ሜትር፣ ማይኩ 1.5 ሜትር ይራቅ። ስፒከሩ አንድ ትንሽ ድምፅ አውጪ ብቻ ያለው ይሁን። ግራና ቀኝ ድምፅ አውጪ ያለው ስቴሪዮ ሳጥን ሁለት ምንጭ ይሆንባችሁና መሃሉ ፀጥ አይልም። ብሉቱዝም ይቅርባችሁ፣ መዘግየቱ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፤ የምንለካው ደግሞ በማይክሮ ሰከንድ ነው። ገመድ ተጠቀሙ።

ቦታው ግቢ ይሁን። ቤት ውስጥ ጣሪያው ይመልሳል፣ ግድግዳው ይመልሳል፣ የሚለካው የክፍሉ ማስተጋባት ይሆናል። ሁሉንም ነገር ከመሬት 1.2 ሜትር ገደማ ከፍ አድርጉና በስፒከሩና በማይኩ መካከል መሬቱ ላይ ፍራሽ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፉ። ይሄ ፍራሽ ቀልድ አይደለም፣ ከመሬት የሚመለሰው ድምፅ ከሰሌዳው ከሚመለሰው 2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ቀድሞ ስለሚደርስ ከእሱ ጋር ይደባለቃል። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ሥሩ።

ስለ አየሩ አንድ ነገር። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድምፅ ቀስ ይላል ብሎ የሚያስብ አለ። የድምፅን ፍጥነት የሚቀይረው ሙቀቱ ነው፤ አየሩ መሳሳቱ ፍጥነቱን አይነካውም። 331.3 ላይ የሙቀቱን መጠን በ0.6 አባዝታችሁ ደምሩ። በ15 ዲግሪ ጠዋት ወደ 340 ይመጣል፣ ባሕረ ሰላጤው አገር በ40 ዲግሪ ሙቀት የሚሞክር ሰው ደግሞ 355 ያገኛል። ፍሪኩዌንሲውን በዚያው ልክ አስተካክሉ።

ድምፁን በአጭር በአጭሩ ላኩ

ማይኩ ጋ ሁለት ድምፅ ይደርሳል፤ አንዱ ከስፒከሩ በቀጥታ፣ ሌላው ከሰሌዳው ተመልሶ። የማያቋርጥ ድምፅ ከላካችሁ ሁለቱ ይደባለቃሉ። መፍትሔው አጭር ድምፅ መላክ ነው። በዚህ አቀማመጥ ቀጥታው መንገድ 1.3 ሜትር ገደማ፣ በሰሌዳው በኩል ያለው 3.5 ሜትር ነው፤ የ2.2 ሜትር ልዩነት ማለት ከ6 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነው። 5 ሚሊ ሰከንድ የሚቆይ ድምፅ ብትልኩ ቀጥታው አልፎ ከጨረሰ በኋላ ነው የሰሌዳው የሚመጣው። በ3,800 ኸርዝ 5 ሚሊ ሰከንድ 19 ዑደት ነው፣ ይበቃል።

ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ መቅጃና ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ድምፁን ፍጠሩ፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ቀስ ብሎ እንዲነሣና እንዲወርድ አድርጉ፣ በየግማሽ ሰከንዱ ድገሙት። ድምፁን ደግሞ አታስጩኹት። 3,800 ኸርዝ የሰው ጆሮ በጣም ከሚሰማቸው ድምፆች መካከል ነው፣ ጎረቤትም አለ።

የተቀዳውን ስታዩ ሁለት ጉብታ ይታያል። መጀመሪያ ቀጥታው፣ ቀጥሎ የሰሌዳው። የምትለኩት ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ቀለበቱን ማየት፣ ከዚያ ፌዙን መለካት

ለመጀመሪያው ሙከራ ስልክ ይበቃል። የስልክ ድምፅ መቅጃ ግን ብዙ ጊዜ ጫጫታ ያጠፋል፣ ድምፁንም በራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ይሄንን ማጥፋት የሚቻልበት አፕ ፈልጉ። ስልኩን ከመሃሉ፣ ማለትም ለማይኩ ከመረጥነው ቦታ፣ ጀምራችሁ ወደ ውጭ ውሰዱት። መሃል ላይ ሁለተኛው ጉብታ ሊጠፋ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ጎን ስትወጡ ያድጋል። ትልቁን ከመሃል ከ15 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ፈልጉት። ከዚያ ሰሌዳውን አዙሩና ዝርግ ጀርባውን ስጡት። አሁን መሃሉ ይጮሃል። ይሄንን ልዩነት ካያችሁ ሰሌዳው ሠርቷል።

ግን ፀጥ ያለ መሃል ብቻውን ጥምዘትን አያረጋግጥም። ሰሌዳው ግማሹ ከፍ፣ ግማሹ ዝቅ ቢል እንኳ ፀጥታ ይፈጠራል። ማረጋገጫው ፌዝ ነው።

ለዚህ ሁለት መስመር የሚቀዳ ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል፣ ሙዚቃ ቤታቸው የሚቀዱ ልጆች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ከላፕቶፑ የሚወጣውን ድምፅ በስፕሊተር ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ወደ ስፒከሩ ይሂድ፣ ሌላው ተመልሶ ወደ ግራው መስመር ይግባ። ማይኩ በቀኙ መስመር። በዚህ መንገድ ድምፁ መቼ እንደተላከና መቼ እንደደረሰ በአንድ ሰዓት ይቀዳል። ሁለተኛ ማይክ አያስፈልግም።

ማይኩን የሚይዘው ነገር ቀጭን ይሁን። ከ6 ሚሊ ሜትር ፌሮ 25 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ አጣምሙ፣ በየ30 ዲግሪው ምልክት አድርጉ፣ ማይኩን ከምልክት ወደ ምልክት እያዛወራችሁ በፕላስተር እሰሩት። የፌሮው ውፍረት ከሞገዱ በጣም ስለሚያንስ ድምፁን አይረብሽም። አሥራ ሁለት ነጥብ ይኖራችኋል።

በየነጥቡ ፌዙን ለማውጣት ፓይተን (የኮድ መጻፊያ ቋንቋ) ካላችሁ ጥቂት መስመር ነው። ከሁለተኛው ጉብታ መሃል የምትወስዱትን ቁራጭ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ኮሳይን አባዙና ደምሩ፤ ከዚያ በሳይን አባዙና ደምሩ፤ የሁለቱ ድምር ሬሾ አርክታንጀንት ፌዙን ይሰጣል። ለግራው መስመርም ይሄንኑ አድርጉና ቀንሱ። ግራና ቀኙ ላይ የምትጠቀሙበት የሳይንና የኮሳይን መነሻ ሰዓት አንድ ይሁን፣ የቁራጩም መነሻ በአሥራ ሁለቱም ነጥቦች ላይ ከተላከበት ቅጽበት እኩል ይራቅ። ሬሾውን ሲያሰላ አራቱንም ሩብ የሚለየውን የአርክታንጀንት ዓይነት ተጠቀሙ፣ ያለበለዚያ 180 ዲግሪ ይጠፋባችኋል።

አሁን ዋናው ብልሃት። ፌሮው ክብ ትንሽ ዘንበል ቢልስ? የሞገዱ ርዝመት 9 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የ1 ሳንቲ ሜትር መዛነፍ 40 ዲግሪ ስህተት ያመጣል። በእጅ ማስተካከል አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ በዝርጉ ጀርባ አሥራ ሁለቱን ነጥብ ለኩ። ከዚያ ምንም ሳታንቀሳቅሱ ሰሌዳውን ብቻ ገልብጣችሁ እንደገና ለኩ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ስትቀንሱ የአቀማመጡ መዛነፍ አብሮ ይወገዳል፣ የሚቀረው የደረጃው ሥራ ብቻ ነው። በየነጥቡ 30 ዲግሪ ገደማ ልዩነት፣ በዙሩ መጨረሻ 360። እኩል እኩል ላይጨምር ይችላል፣ አንዱ ነጥብ 20 ሌላው 42 ሊሆን ይችላል፤ የዙሩ ድምር ግን መሃሉን እስከከበባችሁ ድረስ 360 ነው። ክቡን ብታሰፉትም ብታጠቡትም ያው ነው፣ ቀለበቱ ድምፅ እስካለው ድረስ።

ጥምዘቱን መቀየር

አሁን ሰሌዳውን አትንኩት። ፍሪኩዌንሲውን እጥፍ አድርጉት፣ 7,600 ኸርዝ። የሞገዱ ርዝመት በግማሽ ስላጠረ ያው ደረጃ አሁን 45 ሳይሆን 90 ዲግሪ ያዘገያል፣ ስምንት ጊዜ ሲደመር 720። የጥምዘት ቁጥሩ 2 ሆነ። በ11,400 ኸርዝ ደግሞ 3 ይሆናል፣ በዙሩ 1,080 ዲግሪ ትለካላችሁ። በየፍሪኩዌንሲው የዝርጉን ጀርባ ልኬት መድገም እንዳትረሱ።

ጥራቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በስሌት ለመጀመሪያው 95 በመቶ የነበረው ለሁለተኛው 81፣ ለሦስተኛው 61 በመቶ ገደማ ነው። ከሦስተኛው የሚተርፈው አብዛኛው ወደ ኔጌቲቭ 5 ይሄዳል፣ ስለዚህ ቀለበቱ ጎርበጥባጣ ይሆናል። በ15,200 ኸርዝ ደግሞ ጎረቤት ቁራጮች በትክክል 180 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ መለየት አይቻልም፣ ጥምዘቱ ይጠፋና ስምንት ቅጠል ያለው አበባ መሰል ቅርጽ ይቀራል። የስምንት ደረጃ ሰሌዳ ወሰኑ እዚህ ነው።

በመካከል ያለውንም ሞክሩት። 5,700 ኸርዝ ላይ የጥምዘት ቁጥሩ አንድ ተኩል ሊሆን ይፈልጋል፣ ግን ሞገድ ከራሱ ጋር ካልገጠመ አይሆንም። ስለዚህ ቀለበቱ ይሰበራል፤ ከመሃል ወደ ውጭ አንድ ፀጥ ያለ መስመር ይወጣል። እኔን የሚገርመኝ ከሁሉም ይሄ ነው። በስልክም ይታያል።

አቅጣጫውን ለመቀየር ሰሌዳውን ማሽከርከር ምንም አይፈይድም። በ45 ዲግሪ ብታዞሩት በሁሉም ነጥብ ላይ ፌዙ በ45 ይገፋል፣ ጥምዘቱ ግን ያው ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ደረጃው በተቃራኒው የሚወጣ ሌላ ሰሌዳ መሥራት ነው። ሁለተኛው ይቀላል፤ የተመለሰውን ድምፅ በሌላ ዝርግ ጣውላ ላይ አንዴ እንደገና አንጥሩት። እያንዳንዱ ንጥረት ቀኙን ግራ ያደርገዋል። በዝርጉ ጣውላ ፋንታ ሁለተኛ የደረጃ ሰሌዳ ካስቀመጣችሁ ደግሞ ቁጥሮቹ ይደመራሉ፣ እንደ አቅጣጫው 1 እና 1 ተደምረው 2 ይሆናሉ ወይም ይጠፋፉና ተራ ድምፅ ይመለሳል።

ይሄ የመደመርና የመለያየት ነገር ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2017 በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ቡድን 64 ድምፅ አመንጪዎችን ተጠቅሞ የተለያየ ጥምዘት ያላቸውን ድምፆች አንድ ላይ ልኮ ተቀባዩ ጋ ለያያቸው፣ እያንዳንዱ ጥምዘት የራሱን መልእክት ተሸክሞ። ሬዲዮ ርቆ በማይሄድበት ውኃ ውስጥ ለሚደረግ ግንኙነት ታስቦ ነው።

ካልሠራ

የዙሩ ድምር ዜሮ ከሆነ ክባችሁ መሃሉን አልከበበም፣ ወይም ሳታውቁት የመጀመሪያውን ጉብታ ነው የምትለኩት። ኔጌቲቭ 360 ከሆነ ምንም ችግር የለም፣ በተቃራኒው ዞራችኋል። አንድ ሁለት ነጥብ ብቻ ከመስመር ከወጡ የግድግዳ ማስተጋባት ነው፣ ብርድ ልብስ ጨምሩ። መሃሉ ፀጥ ካላለ ስፒከሩ ወደ ሰሌዳው መሃል መነጣጠሩን አረጋግጡ።

ቀጭን ማድረግ የፈለገ

የደረጃው ዘዴ ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ያስቃል። ለ500 ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 69 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ደረጃው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሊቆለል ነው። ሜታሰርፌስ የተፈለገው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ዘዴ መንገዱን ማጣጠፍ ነው። ድምፁ በቀጭን ሰሌዳ ውስጥ እየተጠማዘዘ ረጅም መንገድ እንዲሄድ ቦይ ይሠራለታል፣ የቦዩ ርዝመት በየቁራጩ ይለያያል። የሰሴክስና የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2017 እንዲህ ዓይነት 16 የጡብ ዓይነቶችን ለ40 ኪሎ ኸርዝ አዘጋጅተዋል፤ ጡቦቹን እንደፈለጋችሁ ደርድራችሁ የምትፈልጉትን ገጽ ትሠራላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥ ያሉ ስትሮዎችን በተለያየ ርዝመት ደርድሮ ድምፅ በማሳለፍ ነው። ቀጥ ያለ ስትሮ ውስጥ ድምፅ በውጭው አየር ፍጥነት ገደማ ስለሚሄድ የሚረባ መዘግየት አይመጣም። ቦዩ መታጠፍ አለበት። ከ3 ሚሊ ሜትርም ባይጠብ ይመረጣል፣ በጠባብ ቦይ ውስጥ አየሩ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ድምፁን ያዳክመዋል። በሚያስተጋቡ ክፍሎች የሚሠራው ቀጭን ሰሌዳ ደግሞ የሚሠራው ለተሠራለት ፍሪኩዌንሲና ለእሱ ቅርብ ለሆኑት ብቻ ነው። እጥፍ ብታደርጉት ጥምዘቱ ሁለት አይሆንም፣ ዝም ብሎ ይበላሻል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ወፍራሙን ሥሩ ያልኩት።

እንጨት ለማይወድ

አርዱይኖ ኡኖ አር3 (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) እና ስምንት የ40 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ አመንጪዎች ካሏችሁ፣ ርቀት መለኪያው ኤችሲ-ኤስአር04 ላይ ያሉት ቲ የተጻፈባቸው ማለት ነው፣ ሰሌዳው በኮድ ይተካል። ስምንቱን በክብ ደርድሩ፣ የእግራቸውን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እንዳታምታቱ፤ አንዱ ከተገለበጠ ፌዙ 180 ዲግሪ ይስታል። የኡኖው ሰዓት በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፣ አንድ የ40 ኪሎ ኸርዝ ዑደት 400 ምት ነው፣ 45 ዲግሪ ደግሞ በትክክል 50 ምት። ስለዚህ ዲጂታል ፒን ከ0 እስከ 7 ያሉትን በአንድ ባይት ተቆጣጠሩ፣ 00001111 ጻፉ፣ በየ50 ምቱ በአንድ ቢት አሽከርክሩት። ጥምዘት 1 ነው። ወደ ሌላው ወገን ብታሽከረክሩት ኔጌቲቭ 1። 00110011ን በየ100 ምቱ ካሽከረከራችሁ ደግሞ ጥምዘት 2። በስምንት ምንጭ እስከ 3 ድረስ ነው የሚኬደው፣ ወሰኑ ያው የእንጨቱ ወሰን ነው።

ለመለካት ብቻ ከሆነ የአርዱይኖው 5 ቮልት ይበቃል፣ በየመስመሩ የ100 ኦም ሬዚስተር አድርጉ። ነገር ማንሳት የፈለገ ብዙ አመንጪና ጠንካራ ድራይቨር ያስፈልገዋል። በ2018 የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ቡድን 2 ሳንቲ ሜትር የምትሆን የፖሊስታይሪን ኳስ በአየር ላይ የያዘው የጥምዘቱን አቅጣጫ በፍጥነት እያቀያየረ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተጠመዘዘ ኳሷ ፍጥነት ጨምራ ትወረወራለች።

የስልክ ማይክ 40 ኪሎ ኸርዝን አይቀዳም። አር የተጻፈባቸውን ተቀባዮች ከኦሲሎስኮፕ (ሞገዱን በስክሪን ከሚያሳየው መሣሪያ) ጋር ተጠቀሙ። ለእናንተ የማይሰማ ድምፅ ለውሻና ለድመት ይሰማል፣ ስለዚህ ግቢ ውስጥ ካሉ አርቋቸው። ፒን 0 እና 1 ኮድ የሚጫንባቸው ስለሆኑ መጀመሪያ ኮዱን ጫኑ፣ ገመዶቹን ከዚያ ሰኩ።